ፕላያ ዴል ካርሜን ላይ የባሕር ምግብ፦ የት እንብላ፣ ምን ብለን እንዘዝ?

ሚሚ_ዳላስ
ሰላም ለቤቱ። ስለ ሜክሲኮዋ ፕላያ ዴል ካርሜን ምግብ የሚነሳው ጥያቄ በየክሩ ተበታትኗል፤ እስኪ እዚህ እንሰብስበው። የሆቴል ቡፌ አይቆጠርም፤ የአገሬው ሰው ቁጭ ብሎ የሚበላበትን የባሕር ምግብ ቤት ነው የምለው። አራት ነገር ይመለስልን፦ ደህናው ቤት በምን ይለያል? ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይበላ ሰው ምን ይዘዝ? የአሳማ ስብ የት የት ይገባል? ሴቪቼ የሚባለው ጥሬው ዓሣ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?

የኮባ_ቅጠል
ከመንገዱ ልጀምር። ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ኪንታ አቬኒዳ ነው፤ 5ኛው ጎዳና ማለት ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገባ ጎዳናዎቹ በአምስት በአምስት ይቆጠራሉ፦ 10፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30። 5ኛው ላይ በር ቆሞ ሜኑ እያሳየ የሚጣራ ሰው ካለ ለኪራዩና ለጠሪውም እየከፈላችሁ ነው። ከ20 በላይ ስትወጡ ዋጋው ይረግባል፣ ሜኑውም ስፓኒሽ ብቻ እየሆነ ይሄዳል። የምትፈልጉት ጽሑፍ «ማሪስኬሪያ» ወይም «ማሪስኮስ» የሚለውን ነው፤ የባሕር ምግብ ቤት ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ የባሕር ምግብ የቀን ምግብ ነው። እውነተኛዎቹ ቤቶች ከጠዋቱ 11 አካባቢ ከፍተው ምሽት 6 ሳይሞላ ይዘጋሉ (በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከ5 እስከ 12 መሆኑ ነው፣ ኋላ በሰዓት እንዳንጣላ)። ሴቪቼን ማታ የሚበላ የአገሬው ሰው ጥቂት ነው፤ ጠዋት የገባ ዓሣ ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ከርሞ ማታ ላይ ያው ዓሣ አይደለም። ጥሩው ሰዓት ከ1 እስከ 3 ያለው ነው። እሑድ በዚያ ሰዓት አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ካያችሁ ግቡ።

የፕላስቲክ ወንበር ብቻውን ምልክት አይደለም። አሁን አሁን ፕላስቲክ ወንበር ለቱሪስት ጌጥ ሆኗል። ይልቅ ሜኑውን እዩ፦ ፒዛ፣ ሱሺና ሳልሞን አንድ ላይ ካሉበት ውጡ። ሳልሞን በካሪቢያን ባሕር የለም።

ቆሮሶ
የክንፍና የቅርፊቱን ጥያቄ ልውሰደው፤ ከሁሉም በላይ ሰው የሚታለልበት ይሄ ነው።

ሽሪምፕ (ካማሮን)፣ ኦክቶፐስ (ፑልፖ)፣ ሎብስተር (ላንጎስታ)፣ ሸርጣን (ካንግሬኾ) በዘሌዋውያን 11 ሕግ ለሚሄድ ሰው እንደማይሆኑ ግልጽ ነው። ችግሩ «ዓሣ» ተብሎ በሚመጣው ላይ ነው። ሜኑው ላይ «ፊሌቴ ዴ ፔስካዶ» ብቻ ካለ፣ ማለትም የዓሣ ፊሌቶ ተብሎ የዓሣው ስም ካልተጻፈ፣ በርካሽ ቤት ብዙ ጊዜ ባሳ ነው። ባሳ ከቬትናም በረዶ ሆኖ የሚመጣ፣ ቅርፊት የሌለው፣ የእኛ አምባዛ ዘመድ ነው። አምባዛ አልበላም የሚል ሰው ካሪቢያን ድረስ ሄዶ አምባዛ በልቶ ይመለሳል ማለት ነው። ካሶን የሚባለው ደግሞ ትንሽ ሻርክ ነው፤ ከካምፔቼ በመጣው «ፓን ዴ ካሶን» ውስጥ በቶርቲያ (በስስ ቂጣ) መሃል ተደራርቦ ስለሚቀርብ መልኩ አይታወቅም።

መፍትሔው ሙሉ ዓሣ ማዘዝ ነው፤ «ኤንቴሮ» ይባላል። ጭንቅላቱም ክንፉም ቆዳውም ያለበት ዓሣ ማንነቱን አይደብቅም። ቅርፊት ካላቸው እዚያ የምታገኟቸው፦

ፓርጎ ቀይ ሲሆን ሥጋው ጠንከር ያለ ነው፤ ለመጥበስ አንደኛ። ዋቺናንጎም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ቦኪኔቴ አፈ ሾጣጣ ነው፣ ሥጋው ነጭና ለስላሳ። ፕላያ ያለችበት የኪንታና ሮ ግዛት ሰው ራሱ የሚመርጠው እሱን ነው፣ ቱሪስት አያውቀውም። ሜሮ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ለፍም ይሆናል። ሞሃራ ግን ብዙ ጊዜ የእርባታ ቲላፒያ ነው። የናይል ቲላፒያ ከሆነ ደግሞ የእኛው ቆሮሶ ራሱ ነው፤ ለእሱ ፕላያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ሀዋሳ አሞራ ገደል ይሻላል።

ሚሚ_ዳላስ
ቆሮሶ፣ ስምህ እንዲያ ሆኖ ቆሮሶን እንዲህ ታንቋሽሸው? ለመሆኑ ቤቱ «ሜሮ ነው» ካለ ማመን ይቻላል?

ቆሮሶ
ፊሌቶ ከሆነ በጥርጣሬ። ኦሴአና የተባለው የባሕር ጥበቃ ድርጅት በ2019 ሜክሲኮ ውስጥ ባወጣው የዘረመል ምርመራ ከናሙናዎቹ 31 በመቶው ከተባለው ስም ሌላ ዓሣ ሆኖ ተገኝቷል፤ ካንኩንም ከተመረመሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። ቆዳው ተገፎ፣ ተቆርጦ፣ ዱቄት ለብሶ ሲመጣ ማንም አይለየውም። ሙሉ ዓሣ የምለው ለዚህ ነው።

አቡ_ሳሚ
አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የአሳማ ስብ ነገር፦ ስሙ «ማንቴካ» ነው። ዓሣውን ራሱን በእሱ የሚጠብስ ቤት ብዙም አያጋጥምም፣ በአትክልት ዘይት ነው የሚጠበሰው። አደጋው በጎን በሚመጣው ነው።

ተፈጭቶ የሚመጣው ባቄላ (ፍሪሆሌስ) በማንቴካ ይቁላላል፤ ሳትጠይቁ አትንኩት። የበቆሎ ቶርቲያ በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ ነው፣ ምንም የለበትም። የስንዴው ቶርቲያ («ዴ አሪና») ግን ስብ አለው፣ ስቡም የአሳማ ሊሆን ይችላል። ታማል (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስለው የበቆሎ ሊጥ) ውስጥም ማንቴካ አለ። ዓሣና ሽሪምፕ በቤከን ጠቅልሎ መጥበስም የተለመደ ነው፤ «ቶሲኖ» የሚል ቃል ካያችሁ እሱ ነው።

ሌላው አልኮል። ለዓሣ ታኮ (ዓሣ በቶርቲያ) ዓሣው የሚነከርበት ሊጥ ብዙ ጊዜ በቢራ ይበጠበጣል፣ እንዲፈላና እንዲቀረመሽ። «አል ቴኪላ» (በቴኪላ አረቄ) እና «አል ቪኖ ብላንኮ» (በነጭ ወይን) የተባሉት ግልጽ ናቸው። ሚቼላዳ የሚባለው መጠጥ ቢራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ውስጡ የሚገባው ክላማቶ የተባለው የቲማቲም ጭማቂ የባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ጭማቂ እንዳለበት ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ክንፍና ቅርፊት ለሚጠብቅ ሰው ያም አይሆንም።

እንዲህ በሉ፦ «ዬቫ ማንቴካ ዴ ሴርዶ?» የአሳማ ስብ አለበት ወይ ነው። «ሲን ማንቴካ፣ ፖር ፋቮር» ደግሞ ያለሱ ይሁንልኝ። ዓሣው ሽሪምፕ በተጠበሰበት ዘይት መጠበሱ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ በፍም ወይም በብረት ምጣድ የተሠራ እዘዙ፤ «አ ላ ፓሪያ» ፍም ነው፣ «አ ላ ፕላንቻ» ምጣድ።

ለመጠጥ «አግዋ ዴ ሃማይካ» በሉ። ከርከዴ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ፣ የሱዳን ሰው ሳይቀር የሚያውቀው።

ጥሬ_ወዳድ
ሴቪቼን በተመለከተ ሰው ያለ ልክ ይፈራል። ክትፎና ቁርጥ የሚበላ ሕዝብ ዓሣ በሎሚ ሲሆን ምን ያንገሸግሸዋል? ሎሚው ያበስለዋል። ዓሣው በትንንሹ ይከተፋል፣ በሎሚ ጭማቂ ተነክሮ ሥጋው ነጭ እስኪሆን ይቆያል፣ ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ ይገባበታል። ሎሚው ደግሞ የእኛው ትንሿ ሎሚ ናት። አግዋቺሌ ከሴቪቼ ይለያል፤ ከሲናሎዋ፣ ከፓሲፊኩ በኩል የመጣ ነው፦ ጥሬ ሽሪምፕ ከመሃል ተሰንጥቆ፣ ሎሚ፣ ጨውና የተፈጨ ቃሪያ ፈሶበት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀርባል። ሽሪምፑ ሩቡ እንኳ አልበሰለም፤ ጣዕሙም እዚያ ላይ ነው።

ጓዳና_ጤና
ጥሬ ወዳድ፣ ጣዕሙን አልከራከርህም፤ «ሎሚው ያበስለዋል» የሚለው ግን መታረም አለበት። ሎሚ ፕሮቲኑን ይለውጠዋል፣ ስለዚህ የበሰለ ይመስላል። ተሕዋስያንንና ጥገኛ ትሎችን ግን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ትሉን የሚገድለው ማቀዝቀዝ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሚለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ ለ15 ሰዓት ነው። ይኸውም ባክቴሪያን አይጨምርም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር፣ የጉበት ሕመም ያለበት፣ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ሴቪቼም አግዋቺሌም ጥሬ ኦይስተርም ይቅርበት። በተለይ ኦይስተር ለጉበት ሕመምተኛ ቀልድ አይደለም።

ለጤነኛ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» ነው። ስታዙ የሚከትፉ ከሆነ ደህና። ከትልቅ ባልዲ በጭልፋ ከተቀዳና ዓሣው በእጅ ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ሎሚው ውስጥ ለሰዓታት ቆይቷል።

ምግብ ማብሰል የማያድንባቸው ሁለት ነገሮችም አሉ። አንደኛው ሲጓቴራ ነው፦ ኮራል ላይ ከሚበቅል ረቂቅ አልጌ ተነስቶ ትናንሽ ዓሦችን በሚበላው ትልቅ ዓሣ ሰውነት የሚጠራቀም መርዝ። መቀቀልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም፣ ጣዕምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ባራኩዳ አትዘዙ፤ ሜሮና ፓርጎም ቢሆን ጠረጴዛ ከሚሞላው ግዙፍ ይልቅ ከ1 ኪሎ ያልራቀውን ምረጡ። ከበሉ በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ የሚያቃጥል ከመሰለና ከንፈር ከደነዘዘ ሐኪም ቤት ነው። ሁለተኛው ቱና፣ ቦኒቶና ዶራዶ ሳይቀዘቅዙ ሲቆዩ የሚፈጠረው ሂስታሚን ነው። ምላስ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆንጠጥ ካደረጋችሁ ወዲያው አቁሙ፤ ፊት መቅላትና ራስ ምታት ይከተላል።

ጥሬ_ወዳድ
ተቀብያለሁ። «ያበስለዋል» የሚለውን «የበሰለ ያስመስለዋል» ብላችሁ አንብቡልኝ። አግዋቺሌዬን ግን አልተውም።

ማኅሌት_ዲሲ
በዐቢይ ጾም የሚሄድ ሰው ግን ዓሣውን እንዴት ሊያደርግ ነው? ዓሣ በጾም…

አወያይ
ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የራሱ ክር አለው፣ 14 ገጽ ደርሷል፣ አልተቋጨም። እዚህ እንዳይከፈት።

የኮባ_ቅጠል
ወደ ጾሙ ክርክር ሳልገባ፣ የእነሱ ጾም ግን ኪሳችሁን ይነካል። ካቶሊኩ በኳሬስማ (በዐቢይ ጾሙ) ዓርብ ዓርብ ሥጋ ትቶ ዓሣ ይበላል፤ ስለዚህ የዓርብ ምሳ ወረፋ አለው፣ ዋጋም ይጨምራል። ሰሞነ ሕማማታቸው ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሳምንት ነው። ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በ2025 በአንድ ቀን ውሏል፤ በ2026 የእነሱ ሚያዝያ 5፣ የእኛ ሚያዝያ 12 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)።

አሁን ወደ ቲኪን ሺክ። አንድ ነገር ብቻ ልትበሉ ከሆነ እሱን ብሉ። የማያ ምግብ ነው፣ ስሙም በማያ ቋንቋ ነው፤ ቲኪን ማለት «ደረቅ» ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ቅርፊቱ ሆን ተብሎ በቆዳው ላይ ይተዋል፣ ፍሙ ሥጋውን እንዳያደርቀው ይከላከላልና። በላዩ ሬካዶ ሮሆ ይቀባል፦ አቺዮቴ የሚባለው ቀይ ፍሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኦሬጋኖ፣ ከከሙን፣ ከቅርንፉድና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተፈጭቶ በኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ይበጠበጣል። መልኩ አዋዜ ይመስላል፣ አያቃጥልም። ከዚያ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ተደርድሮበት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ፍም ላይ ይወጣል። ድፎ ዳቦ በኮባ የጋገረ ሰው ሽታውን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ይሄ ዓሣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። በ10 ደቂቃ ከመጣ ቀድሞ በስሎ ተሞቆ ነው የመጣው። ስለዚህ ገና እንደተቀመጣችሁ እዘዙት፣ ከዚያ ስለ መጠጡ አስቡ። በዚህ ምግብ የታወቀችው ኢስላ ሙኼሬስ ናት፤ ከካንኩን በጀልባ ይኬዳል፣ እዚያ ፕላያ ላንቼሮስ ዳር ላይ ፍሙን እያያችሁ ታዛላችሁ። ከፕላያ በስተሰሜን፣ ወደ ካንኩን መንገድ ላይ ያለችው ፑዌርቶ ሞሬሎስም ከፕላያ ይልቅ የዓሣ አጥማጅ መንደርነቷን ጠብቃለች፤ ኮሌክቲቮ የሚሏቸው ነጫጭ ሚኒባሶች አውራ ጎዳናው ላይ ያወርዷችኋል፣ ባሕሩ ጋ ለመድረስ ግን ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል።

ሚሚ_ዳላስ
ቤት ውስጥ ይሠራል?

የኮባ_ቅጠል
ይሠራል። ለ1 ኪሎ ፓርጎ 50 ግራም ያህል የአቺዮቴ ሊጥ (የላቲን ሱቅ ሁሉ አለ)፣ ግማሽ ኩባያ ኮምጣጣ ብርቱካን፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ኮምጣጣ ብርቱካን ከጠፋ ሁለት እጅ ብርቱካን ከአንድ እጅ ሎሚ ጋር ቀላቅሉ። ዓሣውን ቀብታችሁ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያህል ብታቆዩት ይበቃዋል፤ ሌሊቱን ካደረ አሲዱ ሥጋውን ያላሽቀዋል። የሙዝ ቅጠሉን እሳት ላይ አሳልፉት፤ ቀለሙ ሲያብለጨልጭ ይለሰልሳል፣ ካልሆነ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ጭማቂው ፍም ውስጥ ይፈሳል። መካከለኛ ፍም ላይ 25 ደቂቃ አካባቢ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፣ አቺዮቴ አይለቅም።

የጀልባ_ሰው
ስለ ወቅቱ ማንም አላነሳም። ሜክሲኮ ውስጥ በየዓሣው ማጥመድ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፣ «ቬዳ» ይባላል። በካሪቢያኑ በኩል ሎብስተር ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 አይጠመድም። ኦክቶፐስ የሚጠመደው ከነሐሴ 1 እስከ ታኅሣሥ 15 ብቻ ነው። ሜሮ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 31 ዝግ ነው (ሁሉም በፈረንጅ)። በግንቦት «ዛሬ የተያዘ ሎብስተር» ያላችሁ አስተናጋጅ ወይ በረዶ ነው የሚሸጥላችሁ ወይ የተሰረቀ። የሜሮው እገዳ ከኳሬስማ ጋር መገጣጠሙን ደግሞ እዩ፦ ሁሉም ዓሣ በሚፈልግበት ወቅት ሜሮ የለም፤ ግን ሜኑ ላይ አይጠፋም። ቆሮሶ ያለው ማታለል የሚበዛው ያኔ ነው።

ከኅዳር እስከ የካቲት ኖርቴ የሚባል የሰሜን ነፋስ ይነሳል። ወደቡ ለትንንሽ ጀልባ ይዘጋል፣ አንዳንዴ ለሁለት ለሦስት ቀን። ባሕሩ ዳር ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ ካያችሁ በማግስቱ «የዛሬ ዓሣ» የሚባል የለም፤ ያን ቀን ሾርባ ወይም በደንብ የተጠበሰ ብሉ፣ ሴቪቼ ተዉ። ነፋሱ ባቆመ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሂዱ።

ሽሪምፑም የአካባቢው አይደለም። ከካምፔቼ ወይም ከፓሲፊኩ ዳር ከሲናሎዋና ከሶኖራ እርባታ በረዶ ሆኖ ነው የሚመጣው። በደንብ ከተያዘ መጥፎ አይደለም፤ ብቻ «የዛሬ» ብለው አይሽጡላችሁ።

ቆሮሶ
የጀልባ ሰው፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ስለ ክብደቱ ልጨምር፣ ቢል ላይ ጠብ የሚነሳው እዚያ ነው። ሙሉ ዓሣ ዋጋው በኪሎ ነው። ሜኑው ላይ ያለው ቁጥር የሳህን ዋጋ መስሏችሁ ታዛላችሁ፣ የሁለት እጥፍ ሂሳብ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፦ ዓሣውን በትሪ አምጥተው እንዲያሳዩ ጠይቁ። ዓይኑ ወደ ውጭ የወጣና የጠራ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ወይም ጭጋግ የለበሰ ከሆነ መልሱት። የጆሮ ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡ ቀይ መሆኑን እዩ፣ ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። ሽታው የባሕር እንጂ የዓሣ መሆን የለበትም። ከዚያ «ኩዋንቶ ፔሳ?» (ስንት ይመዝናል)፣ ቀጥሎ «ኩዋንቶ ኩዌስታ ኤል ኪሎ?» (ኪሎው ስንት ነው)። ኪሎው 400 ፔሶ ቢሆንና ዓሣው 1.2 ኪሎ ቢመዝን 480 ነው፤ ሒሳቡን እዚያው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። የሚመዘነው ሆዱ ሳይጸዳ መሆኑን እወቁ፤ ጭንቅላትና አጥንት ወደ ግማሽ ይወስዳል። ለአንድ ሰው ከ400 እስከ 500 ግራም፣ ለሁለት ከ800 እስከ 1 ኪሎ ይበቃል።

አሠራሩን ሲጠይቋችሁ፦ «ፍሪቶ» እንደ ሀዋሳው ጎኑ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰው ነው። «ኤምፓኒሳዶ» የእኛው ዓሣ ኮተሌት። «አል ሞኾ ዴ አኾ» በነጭ ሽንኩርት፣ «አ ላ ቬራክሩሳና» በቲማቲም፣ በወይራና በኬፐር፣ «አ ላ ዲያብላ» በደረቅ በርበሬ የሚያነድ።

አቡ_ሳሚ
ስለ ማቃጠል ከተነሳ፦ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ሳህን ውስጥ ሽንኩርትና ብርቱካንማ ቃሪያ በኮምጣጣ ብርቱካን ተዘፍዝፎ ካያችሁ ሽኒፔክ ነው። በማያ «የውሻ አፍንጫ» ማለት ነው፣ አፍንጫን ስለሚያረጥብ። ቃሪያው ሃባኔሮ ነው። ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብላችሁ በማንኪያ እንዳትወስዱ፤ በሹካ ጫፍ ጀምሩ። ካቃጠለ ውኃ አይረዳም፣ ቶርቲያ ብሉ።

ማኅሌት_ዲሲ
እሺ፣ የቢሉንስ ነገር? ቲፕ ስንት ነው?

የኮባ_ቅጠል
ማኅሌት፣ ቢል ካልጠየቅሽ አይመጣም፤ ሳይጠሩት ቢል ማምጣት እንግዳን እንደማባረር ነው የሚቆጠረው። «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር» በዪ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 16 በመቶውን ታክስ፣ ኢቫ የሚሉትን፣ ማካተት አለበት፤ መጨረሻ ላይ ከደመሩበት ጠይቂ። ቲፕ «ፕሮፒና» ነው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው፣ በሕግ ግን ግዴታ አይደለም። ቢሉ ላይ «ሰርቪሲዮ» ወይም «ፕሮፒና» ተብሎ አስቀድሞ ከተደመረ ድጋሚ አትስጪ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቴ የሚከፍለው እዚያ ነው። ሳትጠይቂ የመጣ ቺፕስና ሳልሳ በነጻ ነው ወይስ በሂሳብ ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂ፦ «ኤስ ኮርቴሲያ?»

ካርድ ማንበቢያው ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። ዶላር ወይስ ፔሶ ሲልሽ ሁልጊዜ ፔሶ። ዶላሩን ከመረጥሽ ምንዛሬውን የሚወስነው ባንክሽ ሳይሆን ማሽኑ ነው፣ በእሱ ተመን ደግሞ ትከስሪያለሽ።

ሚሚ_ዳላስ
በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሜኑ ላይ «ፔስ ሌዮን» የሚል አለ። አንበሳ ዓሣ? ይበላል?

የጀልባ_ሰው
ይበላል፣ እንዲያውም ቢበላ ይመረጣል። ከሕንድና ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የመጣ ወራሪ ነው፣ ካሪቢያን ላይ ጠላት ስለሌለው የኮራሉን ትንንሽ ዓሦች እየፈጀ ነው። መርዙ በእሾኹ ውስጥ እንጂ በሥጋው የለም፤ እሾኹ ወጥ ቤት ውስጥ በመቀስ ተቆርጦ ይወገዳል። ሥጋው ነጭ ነው፣ እንደ ቦኪኔቴ ለስላሳ። በጦር ነው የሚጠመደው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ካለ «ፍሪቶ፣ ኤንቴሮ» ብለሽ እዘዢ።